የሰርዳም ሜዳ ለምን ገብስ ይበላል

ከሰርዳም ከተማ በስተምሥራቅ፣ ወንዙን ተሻግሮ ካለው ረጋ ያለ ዳገት ሥር፣ በጋ ከክረምት ሰርዶ የማይለየው አንድ ሜዳ አለ። ዛሬ ጎልፍ ይጫወቱበታል። ጉድጓዶቹ ዘጠኝ ብቻ ናቸውና ዐሥራ ስምንት የለመደ እንግዳ መጀመሪያ ሲያየው «ግማሹ የት ሄደ?» ማለቱ አይቀርም፤ አንድ ጊዜ ዞሮ ሲጨርስ ግን ማማረሩን ትቶ እንደገና ይዞራል። እንግዳን ይበልጥ የሚያስገርመው ሌላ ነገር ነው። የሰርዳም ተጫዋች ኳሱ ጉድጓድ ሲገባለት አይጮህም፣ እጁንም ወደ ሰማይ አያነሣም፤ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ኳሱን ያወጣና ከኪሱ ጥቂት ገብስ ቆንጥሮ ወደ ጉድጓዱ እየጣለ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ማንን እንደሚያመሰግን ሲጠየቅ «ጉድጓዱን ነዋ!» ብሎ ይመልሳል፤ ጠያቂውንም እንደ ባለጌ ያየዋል።

ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ የአገሩ ሽማግሌዎች የሚያወሩት አለ። ታሪኩን የሚክዱ ሰዎችም አልጠፉም፤ ነገር ግን የሚክዱት በጓሯቸው ጉድጓድ ያላቸው ናቸው ይባላል።

እንደሚነገረው ድሮ፣ ግብር በእህል በሚከፈልበት ዘመን፣ ያን አገር የሚገዙት ፊታውራሪ ወሰንየለህ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ፊታውራሪ እጅግ ቸር ነበሩ፤ ቸርነታቸው የሚጀምረው ግን የሰው እህል ጎተራቸው ከገባ በኋላ ስለ ነበር፣ ባላገሩ ቸርነታቸውን ላለማስቸገር ሲል እህሉን መሬት ቆፍሮ ይቀብር ነበር።

ታዲያ አንድ ጊዜ ፊታውራሪ ወደ ትልቁ ከተማ ወርደው የአንድ ባዕድ አገር ቆንስል ግቢውን አስጎበኛቸው። እዚያም ነጭ ሱሪ የለበሱ የተከበሩ ሰዎች ከእንቁላል የምታንስ ኳስ በዱላ እየመቱ፣ ተከትለዋት እየሄዱ፣ ስትጠፋ እየፈለጉ፣ ጉድጓድ ስትገባ እየተጨባበጡ አዩ። ነገሩ የገናን ጨዋታ ይመስላል፤ ግን የሚፈነከት ሰው የለበትምና ለፊታውራሪ ይህ ብቻ ቅር አሰኛቸው። ቆንስሉ በአስተርጓሚ በኩል «ለመሆኑ በእርስዎ አገር ሊጫወቱበት የሚገባ ጥሩ ባለ ዘጠኝ ጉድጓድ ሜዳ ይገኛል?» ብሎ ጠየቃቸው። ፊታውራሪ በአገራቸው የማይገኝ ነገር አለ ብለው የሚያምኑ ሰው አልነበሩም። «ሞልቶ ተርፎ!» አሉ። «ከጥምቀት በኋላ ይምጡና ይምረጡ።»

አገራቸው እንደገቡ አጋፋሪያቸውን ምንይችልን አስጠሩ። ምንይችል የግብር አዳራሹን በር የሚጠብቅ፣ እንግዳ የሚያስገባና የሚያስወጣ፣ በጠባዩም ዝግ ያለ ሰው ነበር።

«ጥሩ ዘጠኝ ጉድጓድ ፈልግልኝ» አሉት።

«እሺ ጌታዬ።»

«ደግሞ ዝም ብሎ ጉድጓድ እንዳይመስልህ። ለምለም ሣር ላይ ያለ፣ አንዱ ከአንዱ በመጠኑ የራቀ፣ ሲዞሩት ደስ የሚል፣ መጨረሻው ላይ የዛፍ ጥላ ያለው።»

«እሺ ጌታዬ።»

«ለጥምቀት ካላደረስህ ማደሪያ መሬትህን አግኝቶ ለሚመጣው ሰው እሰጠዋለሁ።»

«እሺ ጌታዬ» አለ ምንይችል። ያች ማደሪያ ሚስቱን፣ ልጆቹንና ዓይኑ የጠፋ አባቱን የምታበላ ናት፤ ከሷ ሌላ አንዲት ክንድ መሬት የለውም።

እንዲህ ያለ ጉድጓድ በሰው እጅ ይቆፈር፣ ወይስ እንደ ጠበል በራሱ ይፍለቅ፣ ፊታውራሪም አልተናገሩ፣ ምንይችልም አልጠየቀ። ጌታ «ፈልግ» ካለ ነገሩ የሚፈለግ ነው፤ «ቆፍር» ቢባልማ ይቆፍር ነበር። ስለዚህ በቅሎውን ጭኖ ጉድጓድ ፍለጋ ወጣ።

በደረሰበት አገር ሁሉ መልካም ሰላምታ ሰጥቶ «እዚህ ጥሩ ጉድጓድ ታውቃላችሁ?» ይላል። ይህን ሲል የሰዉ ፊት አመድ ይመስላል። እሱ ግን ምክንያቱ አልገባውም።

«ጉድጓድ? እኛ?» አለው አንዱ ገበሬ። «እኛ እኮ ሰው ሲሞትብን እንኳ የምንቀብረው ከጎረቤት ደብር ለምነን ነው!»

«አገራችን ዐለት ነው ጌታዬ» አለ ሌላው። «አይጧ ራሷ ሜዳ ላይ ነው የምታድር።»

«ወንዙን ይሻገሩ» አለ ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወዲያ ማዶ መሬቱ ወንፊት ነው።»

ወንዙን ሲሻገር ደግሞ «እነዚያ ናቸው የላኩዎት? እነሱ ራሳቸው እኮ ጉድጓድ ውስጥ ነው የተወለዱ!» ብለው መለሱት። ምንይችል ይህን ያህል ሰው ጉድጓድ የሚባል ነገር አይቶ አለማወቁ እየደነቀው ተመለሰ። በአንድ ቆላ አፋፍ ላይ ብቻ፣ ከለምለም ሣር መካከል፣ ልክ ዘጠኝ ጉድጓድ አግኝቶ በደስታ ከበቅሎው ዘሎ ወረደ፤ ነገር ግን የቆፈራቸው አዋልዲጌሳ የሚባለው ጉድጓድ ቆፋሪ አውሬ ነበርና እጁን ሰዶ ልኩን ሊያይ ሲል ባለቤቱ ቤቱ ውስጥ ነበር። ምንይችልም ጣቱን በጨርቅ አስሮ «ሜዳው ጥሩ ነው፤ ሰዉ ግን እንግዳ አይወድም» ሲል ፈረደ ይባላል።

ጥምቀት ሲቃረብ፣ በቅሎው አንክሳ፣ ስንቁም አልቆ፣ ሰርዳም ደረሰ። «ጉድጓድ ፈላጊው መጣ» የሚለው ወሬ ቀድሞት ስለ ነበር በየደጁ ሰው አልነበረም። አንዲት ደርባባ ባልቴት ብቻ፣ ወይዘሮ እማዋይሽ፣ የሜዳው ዳር ካለች ትልቅ ወርካ ሥር ተቀምጠው አገኛቸው። ባላገሩ ሁሉ እሳቸውን አስቀምጦ የሸሸው ምላሳቸውን አምኖ ነው።

«እንግዲህ አረፍ ይበሉ» አሉት፤ ጠላም በቅል ቀድተው ሰጡት። ምንይችል ቅሉን ተቀብሎ አንድ ጊዜ ጎንጨት አለ። ከቤቱ ከወጣ ጀምሮ «አረፍ በል» ያለው ሰው አልነበረምና ዓይኑ እንባ አቀረረ። እሳቸውም ጠላው መርሮት መስሏቸው «አዲስ ነው፣ ይጠጡት» አሉ።

ጠጥቶ ሲያበቃ ችግሩን ሁሉ ነገራቸው፤ ማደሪያዋን፣ አባቱን፣ የአዋልዲጌሳውን ነገር ሳይቀር።

«ለመሆኑ ፊታውራሪ ጉድጓዱን ለምን ፈለጉት?» አሉ ወይዘሮ እማዋይሽ። ይህንንም የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«ኳስ ሊያስገቡበት።»

«ከዚያስ?»

«ያወጧታል።»

«ካወጧት በኋላስ?»

«ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ይሄዳሉ።»

«እንዲያ ከሆነ እህሉን ምን ያደርጉታል?»

«የምን እህል?» አለ ምንይችል።

ወይዘሮ እማዋይሽ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። ምንይችልም ሜዳውን አየ፤ ሣሩ እዚህም እዚያም በክብ በክብ የተለየ አረንጓዴ ሆኖ ተነሥቷል፤ ሳያስበው ቆጠረና ዘጠኝ ላይ አበቃ። ያን ጊዜ የየአገሩ ሰው ፊት ለምን አመድ ይመስል እንደነበር ገባው። የተቀበረ እህል የጠቆመ ሰው ማደሪያው እጥፍ እንደሚሆንም ከማንም ይበልጥ ያውቃል፤ በአዳራሹ በር ቆሞ ስንቱን ጠቋሚ በክብር አስገብቷል። ሴትዮዋን አየ። በእጁ የያዘውን ቅል አየ።

«እሜቴ፣ አንቱም እህል አላሉ፣ እኔም እህል አልሰማሁ» አለ። «ነፋስ ነው።»

«ነፋስ ነው» አሉ ወይዘሮ እማዋይሽ። ትንሽ ቆይተውም «ይህ ያሉት ጉድጓድ ጥልቀቱ ምን ያህል ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ፊታውራሪ እጃቸውን ሰደው ኳስ ያወጡበታል፤ ስንዝር ይበቃል።»

«ከስንዝሩ በታች ያለውንስ ማን ይጠይቃል?»

«ከስንዝር በታች ያለው የጨዋታው አይደለም» አለ ምንይችል።

የሸሸው ሰው ተጠራ። የየጉድጓዱ አፍ ተከፈተ፣ ገብሱ እስከ አንገቱ ተሞላ፣ በላዩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጋድሞ በጭቃና በእበት ተመረገ፤ ከድንጋዩ በላይም ልክ አንድ ስንዝር ባዶ ተተወ። ከብቱ ለጥቂት ቀን ሜዳው ላይ ተለቀቀና ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተስተካከለ። ምንይችል ዘጠኙንም ዞሮ፣ መጨረሻው ላይ ወርካው ሥር ተቀምጦ፣ «ጥሩ ነው» አለ። ይህን ሲል ከልቡ ነበር ይላሉ።

ጥምቀት አለፈ፤ ፊታውራሪና ቆንስሉ አስተርጓሚና አጀብ አስከትለው መጡ። አገሬው ነጭ ለብሶ በሜዳው ዳር ተሰልፎ እልል እያለ ተቀበላቸው፤ እንዲህ ያለ ፍርሃት የተቀላቀለበት እልልታ ፊታውራሪ ሰምተው አያውቁም ነበርና በጣም ደስ አላቸው። ስምንቱ ጉድጓድ በሰላም አለፈ። ፊታውራሪ በስምንት ቦታ ተንበርክከው፣ ለዓመታት ሲያስሱት ከኖሩት ገብስ በላይ እጃቸውን ሰደው፣ ኳሳቸውን እያወጡ «አየህ አገሬን!» አሉ።

ዘጠነኛው የሰርዳም ጭቃ ሹም የሆነው የደምለው ጉድጓድ ነበር። ደምለው ያን ጠዋት የሜዳውን መከበር አይቶ «እንዲህ ከተጠበቀማ» ብሎ ድንጋዩን አንሥቶ አንድ ስልቻ ጨምሮበት ነበር፤ በጥድፊያም ሲመልሰው ያፈሰሰውን አልለቀመም። ፊታውራሪ እጃቸውን ሰደው ሲያወጡ ከኳሷ ጋር የገብስ ፍሬ በመዳፋቸው መጣ።

«ይህ ምንድን ነው?»

እልልታው ቆመ። ደምለው ከሰው ጀርባ ተሸሸገ።

«ጌታዬ» አለ ምንይችል፤ የሚቀጥለውን ቃል ከየት እንደሚያመጣው ራሱም አያውቅም ነበር። «የአገሩ ልማድ ነው። ኳስ ጉድጓድ ስትገባ ለምድሪቱ ገብስ ይሰጧታል። ምስጋና ነው።»

«የጉድጓድ ምስጋና?»

ወይዘሮ እማዋይሽ ይህን ጊዜ ከሰልፉ ወጡ፤ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ለራሳቸው የቋጠሩትን ቆሎ ቆንጥረው ጣሉና «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ጎንበስ አሉ። የተቆላም ቢሆን ገብስ ገብስ ነው። «ከእናቶቻችን የወረስነው ነው ጌታዬ» አሉ ቀና ብለው። «ያላመሰገኗት ምድር ሌላ ጊዜ ኳስ አትመልስም።»

አስተርጓሚው ይህን ለቆንስሉ ሲነግረው ቆንስሉ ባርኔጣውን አወለቀ። በብዙ አገር ብዙ ሜዳ መዞሩን፣ የሚሰደብ ጉድጓድ እንጂ የሚመሰገን ጉድጓድ አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ፤ በዕድሜው ከተጫወተባቸውም ይህ የተሻለው እንደሆነ መሰከረ። ከዚያም ዘወር ብሎ ፊታውራሪን አየ።

ፊታውራሪ በባዕድ ፊት ውለታ ቢስ ሆነው መታየቱን ሊሸከሙት አልቻሉም። «አንተ ምንይችል!» ብለው ጮኹ። «ስምንት ጉድጓድ ሳላመሰግን ሳልፍ ዝም ብለህ ታየኛለህ?» ወዲያውም ከገዛ ጎተራቸው ገብስ በአህያ አስጭነው፣ ከመጀመሪያው ጉድጓድ ተነሥተው ዘጠኙንም በእጃቸው እየሰጡ አመሰገኑ። በየዓመቱም እንዲሁ እንዲደረግ፣ ከተጫዋች እጅ በቀር የማንም እጅ ያን ሜዳ እንዳይነካ፣ ግብር ሰብሳቢም በአጠገቡ እንዳያልፍ አዋጅ አስነገሩ። እንዲህ ሆኖ በዚያ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ከጎተራ ወጥቶ ወደ ጉድጓድ ሄደ። ምንይችልም ማደሪያው ጸናለት። በየዓመቱ ገብሱን ይዞ የሚሄደው እሱ ነበር፤ ባላገሮቹ ድንጋዩን አንሥተው ሲጨምሩም ጀርባውን ሰጥቶ ሰማዩን ያይ ነበር።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ክፉ ዘመን መጣ። ዝናብ ቀረ፣ ከብት አለቀ፤ የፊታውራሪን ጎተራ ነቀዝና አጀብ ተጋግዘው ጨረሱት፣ አጀቡም ተበተነ። የሰርዳም ሰው ዘጠኙን ድንጋይ አንሥቶ ከነልጆቹ በላ፤ «እኛ ጉድጓድ የለንም» ይሉ ለነበሩት ጎረቤቶቹም አካፈለ። ያን ጊዜ እጅግ ያረጁት ወይዘሮ እማዋይሽ «እኚያ ሰውዬስ?» አሉ። የሚያንጎራጉር አልጠፋም። እሳቸው ግን «ከላይ ያለው የፊታውራሪ ነው፤ በእጃቸው ነው የሰጡት» ብለው ስልቻ አስሞሉና ለምንይችል አሸከሙት።

ፊታውራሪ ባዶ አዳራሻቸው ውስጥ ተቀምጠው የቀረበላቸውን የገብስ ገንፎ በሉ። ሲያበቁ «ከየት መጣ?» አሉ።

«ከሜዳው ጌታዬ» አለ ምንይችል፤ ከዚህ በላይ ሊዋሽላቸው አልወደደም።

ፊታውራሪ ባዶውን ሳህን አዩ። ስንት ዓመት ሙሉ በስንት ጉልበት ተንበርክከው ምን ላይ እጃቸውን ሲሰዱ እንደኖሩ አንድ በአንድ ያሰቡ ይመስላሉ። በመጨረሻ ጎንበስ ብለው ሳህኑን «እግዜር ይስጥልኝ» አሉት። ቀና ሲሉም ምንይችልን አይተው፣ «እኔ ያን ጊዜም ጥሩ ዘጠኝ ጉድጓድ ነው ብያለሁ» አሉ።

ዛሬ ከድንጋዮቹ በታች ምን እንዳለ የሰርዳምን ሰው ቢጠይቁት አገሩ ዐለት እንደሆነ ይነግርዎታል። ሆኖም ተጫዋች የሚጥለው ገብስ ሁሉ ጉድጓድ አይገባምና ክረምቱ ሲወጣ በየጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ገብስ ይበቅላል። ሣር አጫጁ ዳር ዳሩን ያጭዳል እንጂ እሱን አይነካም። ኳሱ እዚያ ውስጥ የገባችበት ሰው ገለጥ ገለጥ አድርጎ ይፈልጋታል፤ «እስኪያሽት ልጠብቅ» ብሎ ወርካው ሥር የተቀመጠ እንደሆነም ተነሥ የሚለው የለም።