ጭልፊት የማይደርስበት ዋርካ

ተረቴን ላውጋችሁ፣ ጆሯችሁን አውሱኝ። አንዲት ዋኖስ እንቁላል መጣያዋ ደርሶ ጎጆ የምትሠራበት ዛፍ ትፈልግ ነበር። ከአንድ ፋብሪካ አጥር አጠገብ ትልቅ ዋርካ አገኘች። ከግንዱ ሥር የምትኖር አይጥ ብቅ አለችና፣

«እሜቴ ዋኖስ፣ ነይ እንጂ! ግንቡ ይሞቃል፣ ፍርፋሪ አይጠፋም። ጭልፊት እንኳ እዚህ ዝር አይልም» አለቻት።

«እሰይ! ግን ለምንድን ነው የማይመጣው?»

«የፋብሪካው ጭስ ያስለዋላ! ፈሪ ነው» ብላ አይጢት ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ እሷንም ሳል ያዛት፤ ቶሎም አልለቀቃት።

ዋኖሷ ሆዷን በክንፏ ሸፈነች። ከዚያ ተነሥታ ጭልፊት ወደሚዞርበት ሩቅ ግራር በረረች። እዚያም ዓይኗን ከሰማዩ ሳትነቅል እንቁላሏን ጣለች።

የእኔ ተረት አለቀ፤ ተራው የእናንተ ነው።