የአቶ ዘርጋው ዝርዝር

ሁለት ደቂቃ ስጡኝ፤ ይህ ታሪክ ካላሳቃችሁ ጥፋቱ የኔ ነው!

አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስክሪፕት ጻፈች። ስክሪፕት ማለት ምን መሰላችሁ? ለኮምፒውተር የሚሰጡ ጥቂት የትእዛዝ መስመሮች ናቸው፤ አንዴ ከጻፋችኋቸው የመረጣችሁትን ፋይል ኮምፒውተሩ በየቀኑ ራሱ እየገለበጠ ፍላሽ ላይ ያስቀምጥላችኋል። በቃ፣ ይኸው ነው!

ኃላፊዋ አቶ ዘርጋው ግን "ያለ እኔ ፊርማ ምንም አይገለበጥም!" ብለው የሚገለበጡትን ፋይሎች ዝርዝር ራሳቸው ጻፉ፤ ማህተምም መቱበት። የመረጡት ንግግሮቻቸውንና ሪባን ሲቆርጡ የተነሷቸውን ፎቶዎች ብቻ ነበር። ቀጥለውም፣ "አንቺ ልጅ፣ ሥራሽን ስድስት መስመር ጽሑፍ ከሠራው አንቺ ምን ታደርጊልናለሽ? ከሰኞ ጀምሮ ተሰናብተሻል!" አሏት።

ሰኞ ጠዋት ዕቃዋን ልትወስድ ስትመጣ ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል። አቶ ዘርጋው ላብ በላብ ሆነዋል።

"ፋይሎቹስ?"

"ስክሪፕቱ ያዘዙትን አንድም አላስቀረም፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም ፎቶዎችዎ ደህና ናቸው።"

"የሕዝቡ የቤት ካርታስ?"

"እሱ እንኳ ዝርዝርዎ ላይ አልነበረም።"

አቶ ዘርጋው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። ልጅቷ ከመሳቢያዋ ሌላ ፍላሽ አወጣች።

"ካርታው ሁሉ እዚህ አለ፤ ያለ ፊርማዎ በየቀኑ በእጄ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ስክሪፕቱ ያዘዙትን ብቻ ይሠራል፤ እኔ ያላዘዙኝንም እሠራለሁ። እንግዲህ ጌታዬ፣ ከሁለታችን ማንን ያሰናብታሉ?"

በሉ፣ እናንተም ዛሬውኑ ስድስት መስመራችሁን ጻፉ! ከዝርዝሩ አናት ላይ ግን ቢጠፋ የሚያስለቅሳችሁን ፋይል አስቀምጡ።