ጆንያ የለበሰው ጣራ

በእኛ ቀበሌ ልጆች እየሳቁ የሚሉት አንድ አባባል አለ። መነሻውን ቢያውቁ አይስቁም።

አንድ ዓመት ሐምሌ ገባ፤ አልዘነበም። ነሐሴም አልዘነበም። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ደረቀ። ከብቱ ወደ ወንዝ ዳር ተነዳ፤ የተመለሰው ጥቂት ነው። ሰው ሲጨንቀው የሚጠላው ይፈልጋል።

እንጉዳይ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ልጇ ስንዱ በኩራዝ ጭስ ደረቷ ታሞ ስትስል ታድር ስለነበር፣ ፍየሎቿን ሸጣ ቆርቆሮ ጣራዋ ላይ ሶላር አሰቀለች። ኩራዙ ከቤት ወጣ፤ ሳሉም ልጅቱን ተዋት።

ቅሬው ሾላው ሥር ተሰበሰበ። ቅሬ ማለት ስትሞት የሚቀብርህ፣ ስታዝን የሚያጽናናህ ማኅበር ነው። የቅሬው ዳኛ አበጋዝ ተነሣ።

"ፀሐዩን ጎትቶ የያዘብን የዚች ሴትዮ መስታወት ነው። ደመና መጥቶ ብልጭታውን ሲያይ ይሸሻል።"

"ኧረ ጋሼ አበጋዝ!" አለች እንጉዳይ። "ፀሐይ በገመድ ነው እንዴ የምትጎተተው? የወረደለትን ብርሃን ይቀበላል እንጂ ምን ያደርጋል?"

"ታዲያ የእኔ ጣራ ለምን አያብለጨልጭም?"

"ሣር ነዋ! ሣር መቼ አብለጭልጮ ያውቃል?"

ሰው ሳቀ። የፈረደባት ያ ሳቅ ነው። አበጋዝ ፊቱ ጠቆረ።

"ዛሬውኑ ጆንያ አልብሺው። አለዚያ ከቅሬው ወጥተሻል፤ ስትሞቺ ጅብ ይቅበርሽ!"

የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ አራጋው ብቻ "ይህ ግፍ ነው" አሉ። የሰማቸው የለም። ሶላሩ ጆንያ ለበሰ።

ኩራዙ ተመለሰ። ሳሉም ተመለሰ። አንድ ምሽት ስንዱን ሳል ሲያጣድፋት ኩራዙን በክንዷ መታችው፤ ጋዙ ፈሰሰና እሳቱ ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ ላጣት። አበጋዝ ጩኸቷን ሰምቷል፤ ቤታቸው አጥር ለአጥር ነው። አልመጣም።

ዝናቡስ? ጠብታ አልወረደም። መስከረም ሲጠባ እንጉዳይ ጣራው ላይ ወጥታ ጆንያውን ቀድዳ ጣለችው፤ የተጋገረውን አቧራ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች። ማንም አፉን አልከፈተም። በዓመቱ ሶላሩ ተገልጦ እያለ ዝናቡ ጎርፍ ሆኖ መጣ። በደመናው ቀን እንኳ መብራቷ ደከም ብሎ ይበራ ነበር። "በድለናል" ያለ ሰው ግን አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ዓመታት አለፉ። አበጋዝ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ። ከዚያም እሱ ራሱ፣ አዎ እሱው፣ ሶላር ገዝቶ ሰቀለ። አልበራ አለው። "ይህ ዕቃ ውሸት ነው" እያለ ሰነበተና በመጨረሻ ወደ እንጉዳይ ሰው ላከ፤ አንቺ ታውቂበታለሽ፣ ነይና እዪልኝ አላት።

ሼህ አራጋው ይህን ሰሙ። በትራቸውን ይዘው አበጋዝ ደጅ ላይ ቆሙ።

"አንተ ሰው! ዕዳህን ሳትከፍል ትጠራታለህ? ድንጋይ ተሸክመህ ሂድ!"

"ሼህ አራጋው፣ በዚህ ዕድሜዬ?"

"ልጅቱ በዚያ ዕድሜዋ ተቃጥላለች።"

በማግሥቱ አበጋዝ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ እንጉዳይ ደጃፍ ተንበረከከ። መንደርተኛው ወጥቶ ያያል።

"በድያለሁ። ማሩኝ።"

እንጉዳይ ወደ ልጇ ዞር ብላ አየች። በእኛ አገር ድንጋዩን የሚያወርደው የተበደለው ነው። ስንዱ አሁን አድጋለች። ቀረብ አለችና በዚያው በተጨማደደ ክንዷ ድንጋዩን አወረደችለት።

"ጋሼ፣ ሶላሩን የዛፍ ጥላ ውስጥ ነው የሰቀሉት" አለችው። "ፀሐይ በገመድ አትጎተትም ተብለው አልነበር?"

ሰው ሊስቅ ሲል ሼህ አራጋው በትራቸውን አነሡ።

"ምን ያስቃችኋል? ያን ቀን ሾላው ሥር እናንተም ነበራችሁ" አሉ። ዛሬ ልጆች የሚሉትን አባባል ያኔ ወረወሩት፦ "ደመና ቢቀር ጣራ ከሰሱ!"