ከጎመኑ መደብ ኮሽ ያለው

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። እናንተም ትልልቆቹ ስሙ፤ ፍርሃት ዕድሜ አይመርጥም። ድሮ ድሮ፣ አውሬው ሁሉ በአንድ ቋንቋ በሚነጋገርበት ዘመን፣ ስሟን ማንም ባላቆየልን አንዲት አገር፣ እሜት ጥንቸል የምትባል እናት ነበረች። ባሏን ጭልፊት ወስዶባት ዓይናቸውን ገና ከገለጡ ሦስት ልጆች ጋር ቀረች።

ባሏ የሞተው ለምለም ሣር ፍለጋ ርቆ ሄዶ ነውና፣ እሷ ከደጇ ላትርቅ ማለች። የበልግ ዝናብ እንደጣለ ጉድጓዷ አፍ ላይ መሬቱን ጫረች፣ መደብ አወጣች፤ ጎመን ዘራች፣ ካሮት ዘራች፣ ሰላጣ ዘራች። ዳር ዳሩን ጤና አዳምና በሶብላ ተከለች። ተባይ እንዳይደርስበት አመድ ነሰነሰችበት። ጎመኑ ቅጠሉን ሲዘረጋ ጡቷ ወተት ሞላ፤ ልጆቿም ወፈሩ።

አንድ ቀን ሊመሻሽ ሲል ጃርት መጣ። ጃርትን መቼም ታውቁታላችሁ፤ ጀርባው እሾህ፣ ሆዱ ጎተራ።

«እሜት ጥንቸል፣ ኮሽ ሲል ሰማሁ» አላት።

«ምን ኮሽ አለ፣ አያ ጃርት?»

«ዘንዶ ነዋ። ልጆች ያሉበትን ቤት እያሸተተ ነው የሚሄደው።»

እሜት ጥንቸል ወደ መደቡ ዳር ዞር አለች። «ጤና አዳም ተክያለሁ እኮ። እባብ ይሸሸዋል ይባላል» አለች።

«እባብማ ይሸሻል። ዘንዶ ግን የእባብ አባት ነው፤ ቅጠል አይፈራም። ግድ የለም፣ እኔ እጠብቅሻለሁ። ዘበኛ ግን ባዶ ሆዱን አያድርም፤ የጎመኑን መደብ ስጪኝ።»

ሰጠችው። እስከ ሥሩ ሙልጭ አድርጎ በላው። በማግስቱ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከካሮቱ ጀርባ እውነትም ኮሽ አለ። ኮሽ፣ ኮሽ፣ ኮሽ። እሜት ጥንቸል ልጆቿን ከሆዷ ሥር ሰብስባ ትንፋሿን ዋጠች። ጥቂት ቆይቶ ጃርት እያለከለከ መጣ።

«እሜት ጥንቸል፣ ኮሽ ሲል ሰማሁ።»

«እኔም ሰማሁ፣ አያ ጃርት። ሄደ?»

«አባረርኩት። ግን ጉልበቴ አለቀ፤ የካሮቱን መደብ ስጪኝ።»

ሰጠችው። በሦስተኛው ቀን ከሰላጣው ጀርባ ኮሽ አለ። ሰላጣውንም ሰጠችው።

ጓሮው ተላጨ፤ ወተቷም ነጠፈ። ልጆቿ ደረቅ ጡት እየጎተቱ ሲያለቅሱ፣ ዘንዶው እንዳይሰማቸው አፋቸውን በመዳፏ ትይዝ ነበር። ይህን ስነግራችሁ እኔንም አንጀቴን ይበላኛል።

በአራተኛው ቀን ዝናቡ እየበረታ መጣ፤ ጃርት ደግሞ ደረቅ ቤት አማረው።

«እሜት ጥንቸል፣ ኮሽ ሲል ሰማሁ።»

«ከእንግዲህ የምሰጥህ የለኝም፣ አያ ጃርት።»

«ጉድጓድሽ አለ። ዘንዶው ዛሬ የሚመጣው በእሱ ነው። እኔ ገብቼ ልጠብቀው፤ እናንተ ውጭ ሁኑ።»

ልጆቿን አንድ በአንድ አውጥታ በሶብላው ሥር አስተኛቻቸው። ቀና ብትል ጭልፊት ይዞራል። ባሏን የወሰደው እሱ ይሁን ሌላ አላወቀችም። ከላይ ጭልፊት፣ ከታች ዘንዶ፤ ወዴት ትሂድ?

ጃርት ወደ ጉድጓዱ ገባ። ጉድጓዱ የተቆፈረው በጥንቸል ልክ ነው፤ ጃርት ደግሞ ሦስት መደብ በልቶ ወፍሯል። እስከ ግማሹ ሄዶ ተቀረቀረ። ወደፊት ሲገፋ እሾሁ ግድግዳውን ፋቀው። ኮሽ።

ጃርት ቀጥ አለ። «እሜት ጥንቸል» አለ፣ ድምፁ ተለውጦ፣ «ኮሽ ሲል ሰማሁ።»

ተንቀጠቀጠ። በተንቀጠቀጠ ቁጥር ኮሽ፣ ኮሽ፣ ኮሽ። «ከኋላዬ ነው፤ ያዘኝ» ብሎ ጮኸ።

እሜት ጥንቸል ጎንበስ ብላ አየች። ከኋላው ያለው የገዛ ጭራው ነው። ጆሮዋን አቀናች። ያው ከካሮቱ ጀርባ የሰማችው ኮሽታ ነው፤ የሰላጣውም ኮሽታ ነው። ያን ሁሉ መደብ የበላው፣ ወተቷን ያደረቀው ይህ ነበር። ትታው ልትሄድ ነበር። ቢሆንም ነፍስ ነውና ነገረችው።

«አያ ጃርት፣ የራስህ እሾህ ነው። ፀጥ ብለህ ቀስ እያልክ ወደኋላ ውጣ።»

«አታሹፊብኝ፤ እየዋጠኝ ነው» አለና ወደ ውስጥ ገፋ። በፈራ ቁጥር እሾሁ ቆመ፤ እሾሁ በቆመ ቁጥር ጉድጓዱ ጠበበው።

ጭልፊቱ ዝቅ አለ። እሜት ጥንቸል አንዱን ልጅ በአፏ አንጠልጥላ ወደ አጋሙ ቁጥቋጦ ሮጠች፤ ተመልሳ ሁለተኛውን ወሰደች። ሦስተኛዋን ስታነሳ የጭልፊቱ ጥላ ጀርባዋ ላይ አረፈ። እንዴት እንደሮጠች እሷም አታውቅም፤ ብቻ አጋሙ ሥር ገባች።

ከዚያ ሆና፣ ከአጋሙ ሥር የበቀለውን ሣር እየጋጠች ልጆቿን እያጠባች፣ ሁለት ቀን ኮሽታውን ሰማች። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ዶፍ ሆኖ ወረደ፤ ጉድጓዱን ውሃ ሞላው፣ ኮሽታውም ቆመ። አልሳቀችም፤ ያን ፍርሃት ታውቀዋለች። ሲያባራ ወጥታ በአጋሙ ዳር አዲስ መደብ ቆፈረች፣ ጎመን ዘራች። ዛሬም ኮሽ ሲል ትደነግጣለች፤ ብቻ አሁን ማን እንደሆነ አይታ ነው የምትሮጠው።

እኔ የሰማሁት እስከዚህ ነው፤ እናንተም ይህን ያዙልኝ፦ በሰው ፍርሃት የበላ፣ በራሱ ፍርሃት ተበላ።