የሌባ ማኅተም

የለም፣ «ፈቃድ አለው፣ ማኅተሙን በዓይኔ አይቻለሁ» የሚባለው ነገር አያድንም። ማኅተም ያየ ሁሉ ቢድን ኖሮ ሙሄ ዛሬ ባዶ እጁን ባልቀረ።

አንድ ይመር የሚባል የሰንጋ ነጋዴ ነበር። ሁለት ሰንጋ ሸጦ ብሩን ይዟል፤ ቤቱ ያለው ጥሪት እሱ ብቻ ነው። አማቹ ሙሄ እጁን ጎትቶ ከተማ አንድ ቢሮ ወሰደው። እዛ «በስልክ የውጭ ገንዘብ እናገበያያለን» የሚል ሱፍ የለበሰ ብሮከር ሻይ አዞ ጠበቃቸው።

«ጋሼ ይመር፣ ብርዎን ያስገቡና ይተኙ። በተኙበት ይወልዳል።»

«ይወልዳል? ላም ናት እንዴ?» አለ ይመር። «እሺ፣ ላም ትሁን። ዋስህን ጥራ።»

የከብት ገበያ ወጉ ይሄ ነው። ሻጩን ካላወቅከው፣ ከብቱ የስርቆት ሆኖ ቢገኝ የሚከፍል ዋስ ታስጠራለህ።

«አማችዎ አለ አይደል? አስገብቶ፣ አትርፎ አውጥቷል» አለ ብሮከሩ።

ይመር ወደ ሙሄ ዞረ። «ይሄ ሰው ቢጠፋ አንተ ትከፍለኛለህ?»

«እኔ ምን በወጣኝ! እኔንም ያስገባኝ ጓደኛዬ ከማል ነው።»

ብሮከሩ ቶሎ ብሎ ማኅተም ያለበት ፈቃድ ዘረጋ። ይመር ሳቀ።

«ልጄ፣ ምልክትማ በሬም ጎን ላይ አለ። ሌባም ብረት አግሎ ይተኩሳል። እኛ ምልክት አይተን አንገዛም፤ ባለምልክቱን ሄደን እንጠይቃለን።»

«እንግዲያው የፈቃድ ሰጪውን ስልክ ልስጥዎት።»

«የባለቤቱን ስልክ ከሻጩ እጅ አልቀበልም» ብሎ ተነሳ።

የፈቃዱን ቁጥር ይዞ ራሱ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ድረስ ሄደ። ቁጥሩ አለ፤ ግን የሌላ ድርጅት ነው። ይመር ብሩን እንደያዘ ቤቱ ገባ።

ሙሄ ግን በቀመሳት ትርፍ ተታሎ ያለውን ሁሉ መልሶ አስገብቶ ነበር። ላውጣ ሲል «መጀመሪያ ግብር ክፈል» አሉት። ያንንም ተበድሮ ከፈለ። ሲመለስ ቢሮው ተቆልፏል።

ስለዚህ ስማ። ወረቀቱን ሳይሆን ወረቀቱን ሰጠ የተባለውን ጠይቅ፤ እሱንም ራስህ ፈልገህ አግኘው። መጀመሪያ ላይ ትንሽ መልሰው ቢሰጡህም እንዳታምን፤ ሌባም የሰረቃትን ላም አንድ ቀን ቢያሳልብህ አይከብደውም። በሬ ሲሆን ዋስ የምትጠራ ሰው ለጥሪትህ ሲሆን አትፈር።

አንተስ ከማል? ሰው ባስገባህ ቁጥር ኮሚሽን እየበላህ፣ ሳታጣራ «እኔ አውቀዋለሁ» ያልከው ሰውዬ፣ ሙሄ ነገ በርህ ላይ ሲቆም ምን ብለህ ነው ዓይኑን የምታየው?