መመለሻ የሚባለው ማሰሪያ

በጣና ዳር፣ ጉብ ደንጊያ ከሚባለው የድንጋይ አፍንጫ አጠገብ ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች የመጨረሻዋን ማሰሪያ ሆን ብለው ያላሏታል። ስሟም «መመለሻ» ነው። እንግዳ ሰው ስንፍና እየመሰለው ይስቃል፤ ይሳቅ፣ ሽማግሌዎቹ የሚሉትን አልሰማማ።

እንደሚነገረው በዚያ አፍንጫ ላይ ጓንጉል የሚባል ታንኳ ሠሪ ብቻውን ይኖር ነበር። ሚስቱን ቀብሯል፣ ልጅ አልወለደም፤ ወደ ቤቱ የሚያደርሰውም መንገድ ውሃ ብቻ ነው። ደንገል የሚባለውን የባሕር ዳር ቄጠማ አጭዶ፣ በፀሐይ አድርቆ፣ በልጥ እየጠፈረ የሚሠራው ታንኳ ውሃ እየጠጣ በጥቂት ወር ይበሰብሳል፤ ስለዚህም አሣ አጥማጁም እንጨት ጫኙም ወደ እሱ ይመለሳል፣ አዲሱ እስኪታሰር ሁለት ቀን አብሮት ይሰነብታል፣ ማን እንደ ወለደ፣ ማን ከማን እንደ ተጣላ ያወራዋል።

አንድ ቀን ታዲያ የሻረግ የምትባል እንጨት ሻጭ፣ «አያ ጓንጉል፣ ያንተ ታንኳ እኮ ፋሲካን አያይም!» ብላ ቀለደችበት። ነገሩ ከነከነው። ከዚያ ወዲያ ከውስጥ ቀላል እንጨት እየከተተ፣ ደንገሉን በሰምና በዛፍ ሙጫ እየለሰነ፣ ውሃ የማይጠጣ ታንኳ ሠራ ይባላል። በዓመቱ በባሕሩ ላይ የሚታየው ታንኳ ሁሉ የእሱ ሆነ። ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም። ምን ሊሠራ ይመጣል?

ጓንጉል ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የገዛ ታንኳዎቹ በሩቁ ሲያልፉ ያያል፤ ቀዛፊዎቹ እጃቸውን ያነሱለታል፣ እሱም ያነሳላቸዋል፣ በቃ። ሰው ራበው። ሲብስበት ወደ ገበያው ዳር ቀዝፎ ሄደና፣ ዳር ላይ የቆሙትን ታንኳዎች ማሰሪያ በካራው ይበጥስ ጀመር።

«ምነው፣ አበድክ እንዴ?» ብለው ባለ ታንኳዎቹ ያዙት።

«ሲፈታ ታመጡልኛላችሁ ብዬ ነው» አለ።

ሳቁበት፤ የተበጠሰውንም ራሳቸው ቋጥረው እሱን ወደ ቤቱ ሸኙት።

ክረምቱ አልፎ የሻረግ በዚያ ስታልፍ እጁን የሚያነሳላት አጣች። ጠጋ ብላ ብታይ ሞቷል፤ ከሞተም ሰንብቷል። ቄሱ «ለተዝካሩ እንድናውቀው፣ መቼ ነው ያረፈው?» ብለው ሲጠይቁ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ የሚመልስ ጠፋ። አርባው አልፎ ይሁን ገና ይሁን እስከ ዛሬ አይታወቅም። የሻረግ «ምላሴ ነው የገደለው» እያለች አለቀሰች፤ ሽማግሌዎቹም ከእንግዲህ ታንኳ ሁሉ አንድ ማሰሪያው ላላ ብሎ ይሠራ፣ ባለቤቱም እየተመለሰ ሠሪውን ይይ ብለው ወሰኑ ይባላል።

ዛሬ በደንገሉ ፈንታ መጀመሪያ ጣውላ፣ ኋላም ፋይበር ግላስ መጥቷል፤ ፋይበር ደግሞ የሚታሰር ነገር የለውም። ቢሆንም ባለ ሞተሮቹ እየመጡ ጫፉ ላይ ልጥ ያስቋጥራሉ። አምና አንዱ ገና በወሩ ተመልሶ መጣና፣ ሠሪው አያ ፈንቴ «እንዲህ ቶሎ አይፈታም እኮ» ቢሉት፣ «እኔ ነኝ የፈታሁት» አላቸው፤ ሞተሩንም አጥፍቶ አጠገባቸው ተቀመጠ።