የአባ ገስግስ አፍሳር

በአንድ ወቅት፣ ባዝራ የሚባሉት ሴት ፈረሶች ሊወልዱ ወር ሁለት ወር ሲቀራቸው በሚጨነግፉበት ክፉ ዘመን፣ አያ ቸኮል የሚባሉ ፈረሰኛ ነበሩ። ቸኮል ብሎ የሚጠራቸው ግን አልነበረም። በዚያ አገር ሰው የሚጠራው በፈረሱ ስም ነው፤ እሳቸውም በሞተው ፈረሳቸው አባ ገስግስ ይባሉ ነበር። የፈረሱን ዘር የወረሰ ልጅ ስሙንም ይወርሳል። ዘሩ ከጠፋ ስሙም ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ከገስግስ ዘር አራት ባዝሮች ቀርተው ነበር። ሦስቱ ጨነገፉ፤ ዳግመኛም አላረገዙም። ሽማግሌው ሦስተኛውን ሙት ውርንጭላ በገዛ እጃቸው ቀብረው ሲመለሱ አለቀሱ፣ አላፈሩበትም። አራተኛዋን፣ በቀለሟ ዳማ የምትባለዋን፣ ድንጉላ ፈረስ እንዳይጠጋት ከልክለው ልጆቻቸውን ሰበሰቡ።

«ከዳማዋ ሕይወት ያለው ውርንጭላ ያሳየኝ፣» አሉ፣ «ውርንጭላውንም ስሜንም ይውሰድ። ግን እኔ ሳልሞት፣ እሷም ሳታረጅ!»

ትልቋ ትሁኔ ከተማ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ የእንስሳት ሐኪም ናት። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ መሆኑን ደርሳበት ክትባት ሠራች። ባዝራ አሥራ አንድ ወር፣ አይጥ ሃያ ቀን ነው የምታረግዘው፤ ስለዚህ በአይጦች ጀመረች። አይጦቹን ትከትባለች፣ ሲያረግዙ ቫይረሱን ትሰጣለች፣ ትጠብቃለች። ጽንሱ ይወርዳል። አራት ዓመት እንዲህ ሆነ። የባሰው ደግሞ ክትባቱም ቫይረሱም ያልደረሳቸው አይጦች ጭምር መጨንገፋቸው ነው። አለቆቿ «በቃሽ፣ ተይው» ቢሏት «ገና መች ጀመርኩና!» ብላ መልሳ ገባች።

ልየው አይጦቹን የሚመግብ ወንድሟ ነው፤ እዚያ ያስገባችውም እሷ ናት። አንድ ቀን ጓንቱን ሲያወልቅ የአባቱ ሕግ ትዝ አለው፤ እንግዳ ድንጉላ የነካ ሰው እጁን ሳይታጠብ እርጉዝ ባዝራ ወዳለችበት በረት አይገባም። እሱ ግን በየቀኑ እንግዶቹን ወንድ አይጦች መግቦ በዚያው ጓንት እርጉዞቹን ይነካካል። ዝም ቢል የሚያውቅበት አልነበረም።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ የወንዶቹ ሽታ ነው የሚያስጨነግፋቸው፣» ብሎ ተናገረ። ወንዶቹ ሌላ ክፍል ገቡ፣ ጓንቱ ተለየ። ያልተከተቡት ቫይረሱ ሲሰጣቸው ጨነገፉ፤ የተከተቡት ወለዱ። ልየውን ግን አለቆቹ አሰናበቱት።

ክትባቱ በፈረስ ይሞከር ሲባል የራሱን ባዝራ የሚሰጥ ጎረቤት ጠፋ። ትንሹ አምሳሉ፣ ዳማዋን የሚጠብቀው፣ ድንጉላ አስጠቃትና አስከተባት። አልፎ ተርፎም በሽታው ወደገባበት የጋራ መስክ አሰማራት።

«አብደሃል?» አሉ አባቱ።

«ቤት ተደብቃ ብትወልድ ማን ያምነናል፣ አባ?»

ከመስኩ ሁለት ያልተከተቡ የጎረቤት ባዝሮች ጨነገፉ። ዳማዋ ግን ቀኗን ጠብቃ፣ አንድ ማለዳ ወለደች። ውርንጭላው ሦስት ጊዜ ወድቆ በአራተኛው ቆመና ጡት ያዘ። አያ ቸኮል ውርንጭላው የሚሳብበትን አዲስ አፍሳር ይዘው እየሳቁ ወጡ።

«ያለ ክትባቱ ይህ ሁሉ የለም፣» አለች ትሁኔ። «ሴት አባ አትባልም ካላችሁ እማ ገስግስ በሉኝ።»

«ሥራዬን አጥቼ እውነቱን ባልናገር ክትባትሽን ጥለውት ነበር፣» አለ ልየው።

«አይጥስ ወለደች። በባዝራ ለመሞከር የደፈረው ማን ነው?» አለ አምሳሉ።

ሽማግሌው ሦስቱንም አዩ። ሦስቱም የሳቸው እልህ አለባቸው፤ ይህም አኮራቸው፣ አስጨነቃቸውም። ስም አይከፈልም፣ ውርንጭላም አይቆረስም። እጃቸው ላይ ያለው አፍሳር አንድ ነው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ አፍሳሩን ማን ይጨብጥ?